የነምፓይ ኢንፊኒቲ ሲፈተሽ፦ መነሻው ላይ ምርጥ፣ ውጤቱ ላይ ጠባቂ የሚሻ

በነምፓይ፣ ማለትም በፓይተን የቁጥር ስሌት ላይብረሪ ውስጥ፣ ኢንፊኒቲ (ወሰን የለሽ ዋጋ) ለማግኘት ኤንፒ.ኢንፍ ብሎ መጻፍ ይበቃል፤ ኤንፒ የነምፓይ አጭር ስም ነው። ዋጋው ራሱ ግን የነምፓይ ፈጠራ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1985 ከወጣው የኮምፒውተር የአስርዮሽ ቁጥሮች መስፈርት፣ ከአይትሪፕልኢ 754፣ የተወሰደ ነው። ባለ 64 ቢት ፍሎት (የአስርዮሽ ቁጥር) 1 ቢት ለምልክት፣ 11 ቢት ለኤክስፖነንት፣ 52 ቢት ለክፍልፋይ ይመድባል። የኤክስፖነንቱ ቢቶች በሙሉ 1፣ የክፍልፋዩ በሙሉ 0 ሲሆኑ ኢንፊኒቲ ነው። ከ52ቱ አንዱ እንኳ 1 ከሆነ ናን ይሆናል፣ ማለትም ቁጥር ያልሆነ ነገር። ስለዚህ ኢንፊኒቲን መያዝ ተጨማሪ ማህደረ ትውስታ አይጠይቅም፤ ማወዳደሩም እንደማንኛውም ፍሎት ነው።

በመነሻ ዋጋነት የሚተካከለው የለም። አጭር መንገድ በሚፈልግ አልጎሪዝም ውስጥ ያልተደረሰባቸውን ነጥቦች ርቀት በ2147483647 የመሙላት ልማድ አሁንም አለ። ባለ 32 ቢት ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) አሬይ፣ ማለትም የቁጥሮች ድርድር ላይ ለዚህ ቁጥር 1 ሲደመርለት ያለ ምንም ድምፅ ወደ -2147483648 ይገለበጣል፤ ጨርሶ የማይደረስበት ነጥብም ከሁሉም የቀረበ ሆኖ ቁጭ ይላል። ኢንፍ ላይ ግን 7 ቢደመርም 7 ሚሊዮን ቢደመርም ያው ኢንፍ ነው። ከከርቭ ሥር ያለውን ስፋት የሚያሰላው ኳድም (የሳይንሳዊ ስሌት ላይብረሪው የሳይፓይ መሣሪያ) በወሰንነት ይቀበለዋል። የደወል ቅርጽ ያለውን ከርቭ ስፋት ከኔጌቲቭ ኢንፍ እስከ ፖዘቲቭ ኢንፍ ቢያሰሉት ትክክለኛውን መልስ ያገኛሉ። በኢንፍ ፈንታ -10000 እና 10000 ቢሰጡት ግን ጠባቧን ጉብታ ስቶ ለዜሮ እጅግ የቀረበ መልስ ሊመልስ ይችላል። «ትልቅ ቁጥር» የኢንፊኒቲ ምትክ አይሆንም።

ቅሬታው የሚጀምረው ኢንፊኒቲ ሳይጠራ በውጤትነት ሲመጣ ነው። ንጹሑ ፓይተን 1.0ን ለ0.0 ሲያካፍል ስህተት አንስቶ ይቆማል፤ ነምፓይ ማስጠንቀቂያ ጽፎ ኢንፍን ይዞ ይቀጥላል። ያ ማስጠንቀቂያ ደግሞ በተለመደው የፓይተን አሠራር ለአንድ የኮድ መስመር አንዴ ብቻ ነው የሚታየው። ሉፑ ሚሊዮን ጊዜ ቢዞርና ግማሹ ቢበላሽ እንኳ ስክሪኑ ላይ ያለችው ያቺው አንዲት መስመር ናት። ለቁም ነገር ሥራ ይህ የተሳሳተ ምርጫ ነው።

ጣሪያው የት እንደሆነ ማወቅ ይረዳል። ኢን (2.718...) በተሰጠው ቁጥር ከፍ የሚያደርገው ኤንፒ.ኤክስፕ በ64 ቢት 710 ላይ፣ በ32 ቢት 89 ላይ፣ በ16 ቢት ደግሞ ገና 12 ላይ ኢንፍ ይሰጣል፤ የ16 ቢት ፍሎት ትልቁ ቁጥር 65504 ነውና። ቁጥሮችን በኤክስፕ አሳልፎ ለድምራቸው የሚያካፍለውን ቀመር፣ ሶፍትማክስን፣ የሚሰብረውም ይኸው ነው፦ ኢንፍ ለኢንፍ ሲካፈል ናን። ከእያንዳንዱ ረድፍ ትልቁን ዋጋ መቀነስ መደበኛው መፍትሔ ቢሆንም አንድ ቀዳዳ ይቀረዋል። ማስክ ተደርጎ (እንዳይቆጠር ተሸፍኖ) ሁሉም ዋጋዎቹ ኔጌቲቭ ኢንፍ የሆኑ ረድፍ ካለ፣ ትልቁም ኔጌቲቭ ኢንፍ ነው፤ ሲቀነስ ናን ይወጣል። በዚያ ረድፍ ትልቁን በ0 መተካት ብቻውን አይበቃም፤ ድምሩ 0 ሆኖ 0 ለ0 ይካፈላልና። ድምሩንም በ1 ይተኩት፤ ረድፉ በሙሉ 0 ሆኖ ይወጣል።

ነምፓይ ለዚህ ሁሉ ጥሩ መሣሪያ አለው፤ የጎደለው ከመነሻው አለመብራቱ ነው። ስሌቱን ነምፓይ የስሌት ስህተት ሲገጥመው ምን እንደሚያደርግ በሚወስነው በኤንፒ.ኤረርስቴት ውስጥ ያስገቡና ኦቨር (ከጣሪያ ማለፍ)፣ ዲቫይድ (ለ0 ማካፈል) እና ኢንቫሊድ (ትርጉም የለሽ ስሌት) የሚባሉትን ሬይዝ (ስህተት አንሥቶ መቆም) ላይ ያድርጓቸው። ሁሉንም ባንዴ ሬይዝ ማድረግ አይመከርም፤ እጅግ ትንሽ ቁጥር ወደ 0 ሲወርድም ፕሮግራሙ ይቆማል፣ ይህ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም። ብዙዎች የሚስቱት ነገር ግን ይህ ነው፦ ኤረርስቴት የሚይዘው ኢንፊኒቲ ሲወለድ እንጂ ከዳታው ጋር ተወልዶ ሲመጣ አይደለም። ኢንፍ ሲደመር 1 በመስፈርቱ ትክክለኛ ስሌት ስለሆነ ምንም ምልክት አያነሳም። በመግቢያው ላይ ኤንፒ.ኢዝፋይናይት ብለው ሁሉም ዋጋ ውስን መሆኑን ያረጋግጡ። አማካይ የሚያሰላው ኤንፒ.ናንሚን ያድነኛል ብለው አይመኩ፤ ናንን ይዘላል፣ ኢንፍን ግን ከነነፍሱ አማካዩ ውስጥ ይከታል። ናን ያለባቸውን ረድፎች የሚጥለው ድሮፕኤንኤም (የሠንጠረዥ ዳታ ላይብረሪው የፓንዳስ መሣሪያ) እንዲሁ ስለሆነ፣ መጀመሪያ በሪፕሌስ ፖዘቲቩንም ኔጌቲቩንም ኢንፍ ወደ ናን መቀየር ግድ ነው።

ናንንና ኢንፍን በተራ ቁጥር የሚተካውን ናን_ቱ_ነምን በጥንቃቄ ይያዙት። ፖስኢንፍ የሚለውን ካልሞሉለት ኢንፍን ወደ 1.8 × 10³⁰⁸ ገደማ ይቀይረዋል፤ ቀጥሎ በ2 እንኳ ቢባዛ መልሶ ኢንፍ ይሆናል። ኢንቲጀር አሬይ ኢንፍ ሲሰጠው ስህተት አንስቶ እምቢ ይላል፣ ደግ አደረገ። የአሬይን የቁጥር ዓይነት የሚለውጠው አስታይፕ ግን ወደ ኢንቲጀር ይቀይረዋል፤ በኢንቴል ዓይነት ፕሮሰሰሮች ላይ የሚወጣው -9223372036854775808 ነው። ከነምፓይ 1.24 ወዲህ ቢያንስ ማስጠንቀቂያ አለው።

እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ነምፓይ 2.0 ስሞቹን አጽድቷል። በትልቅ ፊደል የሚጀምሩት ኢንፍና ኢንፊኒቲ፣ እንዲሁም ኢንፍቲ፣ ፒኢንፍ እና ኤንኢንፍ ተወግደው በትንሽ ፊደል የሚጻፈው ኢንፍ ብቻ ቀርቷል። የቆየ ኮድ ያለው ሰው ከማሻሻሉ በፊት እነዚህን ፈልጎ ይተካ።

ውጤቱን ወደ ጄሰን (የዳታ መለዋወጫ የጽሑፍ ቅርጽ) የሚልክ ሰው ደግሞ አንድ ተጨማሪ በር መዝጋት አለበት። ጄሰን ለኢንፊኒቲ ቦታ የለውም፤ የፓይተን ጄሰን ሞጁል ግን ሳይጠየቅ ይጽፈዋል፣ ተቀባዩ የጃቫስክሪፕት ገጽም ማንበብ አቅቶት ይወድቃል። ዳታን ወደ ጄሰን የሚቀይረውን ደምፕስን ሲጠሩ አላው_ናንን ፎልስ ያድርጉት፤ ስህተቱ እዚያው ላኪው ዘንድ ይነሳል።