ትኩስ ድንች ወይስ ፍሪጅ ያደረ?

ስኳር ያለበት ሰው ድንች እንዳይነካ የሚመክሩ ብዙ ናቸው። እኔ ግን ከመከልከል በፊት እንዴት እንደሚበላ ማየት ይሻላል ባይ ነኝ።

ትኩስ ቅቅል ድንች ውስጥ ያለው ስታርች፣ ማለትም ዋናው ኃይል ሰጪ ክፍሉ፣ ውሃ ጠጥቶ አብጧል፣ ላልቷል። ምግብ የሚፈጩት ኢንዛይሞች ቶሎ ይሰባብሩትና ግሉኮስ ሆኖ ደም ውስጥ ይገባል። የደም ስኳር ፈጥኖ ከፍ ይላል።

ያው ድንች ፍሪጅ ሲያድር ግን ከስታርቹ የተወሰነው ተመልሶ ይጠነክራል፣ ኢንዛይም በቀላሉ አይደፍረውም። ሳይፈጭ ትልቁ አንጀት ይደርስና እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች አብላልተው አሴቴት፣ ፕሮፒዮኔትና ቡቲሬት የሚባሉ አሲዶችን ያወጡበታል፤ ቡቲሬት የትልቁን አንጀት ግድግዳ ሴሎች ይመግባል፣ አሲዶቹ ደግሞ ኢንሱሊንን የሚያግዘው ጂኤልፒ-1 የተባለ ሆርሞን እንዲመነጭ ይገፋፋሉ። መልሶ ማሞቅም ጥቅሙን ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። በክረምት ቀዝቃዛ ድንች ማን ይበላል ለምትሉ ይሄ ጥሩ ዜና ነው።

እኔ ያደረውን እመርጣለሁ። ግን አናጋንን፦ አብዛኛው ስታርች አሁንም ስኳር ይሆናል፣ ስለዚህ ሰሃን ሙሉ አይበላም። ግማሹን በምስር ወይም በሽምብራ መተካት የበለጠ ይጠቅማል። ያልለመደ ሆድ ይነፋልና በትንሹ ጀምሩ።

ሩዝም እንደዚሁ ነው፤ ብቻ ውጭ አታሳድሩት፣ የሚመርዝ ባክቴሪያ ይራባበታል። ኢንሱሊን የምትወጉ ደግሞ ከበላችሁ ከሁለት ሰዓት በኋላ የደም ስኳራችሁን ለኩ፣ የኢንሱሊኑን መጠን ግን ሐኪማችሁን ሳታማክሩ አትቀይሩ።