ያልተፈጨ ጨው ለእግር መዘፍዘፊያ፦ ከሐረር ሸዋ በር ገበያ

ሸዋ በር ገበያ በኪሎ የሚሸጠውን ያልተፈጨ ጨው የገዛሁት ለወጥ ሳይሆን ለእግሬ ነው። መኪና ግርግር በሚባለው የሐረር የልብስ ሰፊዎች መንገድ በፔዳል መኪና ስንሰፋ የምንውል ሰዎች አመሻሹ ላይ ቁርጭምጭሚታችን ያብጣል፣ ወገባችንም ይይዘናል፤ ሐረርም ማታ ማታ ስለምትቀዘቅዝ፣ እግርን በሳፋ ሙሉ ሞቅ ያለ የጨው ውሃ ዘፍዝፎ መቀመጥ ትልቅ ዕረፍት ነው። እፎይታው እውነተኛ መሆኑን ያለ ማመንታት እመሰክራለሁ። ይሁን እንጂ ጨው ሳልጨምር፣ በዚያው መጠን በሞቀ ውሃ ብቻ በተዘፈዘፍኩባቸው ምሽቶችም እፎይታው አልቀነሰብኝም፤ ስለዚህ ምስጋናው በአብዛኛው የሚገባው ለሙቀቱ ነው ብዬ አምናለሁ። ሙቀት የደም ሥሮችን ያሰፋል፣ የተኮማተረ ጡንቻን ያላላል፤ እግርን አሳርፎ መቀመጡም የራሱ ድርሻ አለው።

ጨው በእርግጥ የሚሠራው ሥራ አለ፤ ነገር ግን ለዚያ መላ ሰውነት የሚጠልቅበት ብዙ ውሃ ያስፈልጋል። እስከ አንገቱ ውሃ ውስጥ የቆመ ሰው እግሮቹ የሚሸከሙት ከክብደቱ አንድ አሥረኛ ገደማውን ብቻ ሲሆን፣ ጨው የበዛበት ውሃ ደግሞ ራሱ ስለሚከብድ ሰውነትን ይበልጥ ያነሣል። ከባሕር ወለል 155 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ በሚገኘውና ጨዋማነቱ ከባሕር ውሃ አሥር እጥፍ ገደማ በሆነው በጅቡቲው አሳል ሐይቅ ሰው ሳይዋኝ የሚንሳፈፈው በዚህ ምክንያት ነው፤ በዚያ ጉልበትም ወገብም ሸክማቸው ይቀልላቸዋል። በ10 ሊትር ውሃ 350 ግራም ጨው ቢሟሟ የባሕርን ጨዋማነት ያህላል፤ የአሳልን ለማግኘት ግን ከ3 ኪሎ በላይ ይጠይቃል። ያ ሁሉ ጨው ተጨምሮም ቢሆን፣ በሳፋ ለሚዘፈዘፍ ሰው የሰውነቱን ክብደት የያዘለት የተቀመጠበት ወንበር ነው።

ጨው በቆዳ ሰርጎ ቁርጥማትን ያወጣል የሚለው አባባል አላሳመነኝም። የገበያው ጨው በአብዛኛው ሶዲየም ክሎራይድ ነው፤ በመድኃኒት ቤት ኤፕሰም እየተባለ የሚሸጠው ደግሞ ማግኒዚየም ሰልፌት ሲሆን፣ የቆዳ የላይኛው ሽፋን ሁለቱንም በቀላሉ አያሳልፍም። በሙት ባሕር የጉልበት መገጣጠሚያ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ሕመሙ ለጊዜው እንደሚቀንስ አሳይተዋል፤ ነገር ግን ሙቀቱም፣ ዕረፍቱም፣ ከቤት ርቆ መሰንበቱም አብረው ስለሚመጡ የጨውን ድርሻ ለይቶ ማውጣት አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ከገበያው ጨው ይልቅ ውዱን ኤፕሰም ለመግዛት ገንዘብ መጨመርን አልመክርም።

ዕቃው ራሱ ርካሽ ነው፤ ቅንጣቶቹ ትልልቅ በመሆናቸው ቀስ ብለው ይሟሟሉ፣ አፈርም አይጠፋባቸውም፤ ስለዚህ ቀደም ብሎ በትንሽ ሙቅ ውሃ ማሟሟትና ማጥለል ይሻላል። እንቅርትን የሚከላከለው አዮዲን ያልተጨመረበት ጨው ስለሆነ ከወጥ ቤቱ ጨው ጋር ፈጽሞ ሊቀላቀል አይገባም። የተሰነጣጠቀ ተረከዝን ያቃጥላል፣ ቆዳንም ያደርቃል፤ በመሆኑም ከተዘፈዘፉ በኋላ እግርን በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ ያስፈልጋል። ውሃ በጀሪካን ተቀድቶ በሚቀመጥበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጨው ያልገባበት ውሃ ከእግር መዘፍዘፊያነት በኋላ ለአትክልት ሊውል ይችላል፤ ጨው የገባበት ግን ተክሉን ያደርቃልና ከመድፋት በቀር አማራጭ የለውም። በእኔ ሚዛን ትልቁ ጉድለቱ ይህ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች ጉዳይ ነው። ሕመሙ የእግርን ነርቭ ሲጎዳ ሙቀት የመለየት ችሎታ ይቀንሳል፤ ሰውየው ውሃው ሲያቃጥለው ላይሰማው ይችላል፣ ቁስሉም በቶሎ አይድንም። እነዚህ ሰዎች ሐኪማቸውን ሳያማክሩ፣ ጨው ቢኖረውም ባይኖረውም፣ እግራቸውን በሙቅ ውሃ መዘፍዘፍ የለባቸውም። አንድ እግር ብቻ በድንገት ካበጠ፣ ከቀላና ካመመም ምክንያቱ የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል፣ ሳፋ ከማዘጋጀት ይልቅ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል።