የጀርመኑ ኢንተግራሲዮን ኩርስ፦ ከ700 ሰዓት በኋላ

ጀርመን አገር ለመጤዎች የሚሰጠውን የማላመጃ ትምህርት፣ ኢንተግራሲዮን ኩርሱን፣ ጨረስኩ። «እንዴት ነው? ይረባል ወይ?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

ከአምስት ኮከብ ሦስት ተኩል ሰጥቼዋለሁ። ሦስቱ ለቋንቋው ነው። ግማሿ ለአንድ ቀን ብቻ ናት፤ እሷን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ለማያውቅ ሰው፦ ኩርሱ 600 ሰዓት ቋንቋ፣ 100 ሰዓት ደግሞ ስለ አገሩ ሕግ፣ ታሪክና አኗኗር ነው። አንዱ ሰዓት 45 ደቂቃ ነው። ከላይ ሆኖ የሚመራው ኑረንበርግ ያለው የስደት ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ «ባምፍ» የምንለው ነው፤ የሚያስተምሩት ግን የተለያዩ ትምህርት ቤቶች ስለሆኑ ጥራቱ እንደ ዕድላችሁ ነው። ከኪሱ የሚከፍል ሰው በእኔ ጊዜ በሰዓት 2.29 ዩሮ፣ በድምሩ 1603 ዩሮ ይከፍላል። ድጎማ የሚያገኝ በነፃ ልማር ብሎ ማመልከት ይችላል። እኔ ከከፈሉት ነኝ፣ ስለዚህ አፌን ሞልቼ ባማርር አይፈረድብኝም።

ቋንቋው ላይ ግን ብዙም አላማርርም። ስገባ ከ«ሃሎ» እና ከ«ዳንከ» ሌላ ቃል አልነበረኝም። ስወጣ ለአከራይ ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ ሐኪም ቤት ደውዬ ቀጠሮ እይዛለሁ፣ ትራም ላይ ከኋላዬ ስለ እኔ ሲያወሩም እሰማለሁ። የመጨረሻው ጥሩ ነገር ይሁን መጥፎ ገና አልወሰንኩም። ጠረጴዛ ወንድ፣ መብራት ሴት፣ ልጃገረድ ደግሞ ወንድም ሴትም አይደለችም፤ በአማርኛ ጠረጴዛውም ጠረጴዛዋም ብትል የሚጣላህ የለም፣ እዚህ ነጥብ ይቀነሳል። ትምህርት ቤቱ አስተማሪ ሦስት ጊዜ ቀያይሮብናል፤ እያንዳንዱ ሲመጣ «ስሜ እገሌ እባላለሁ» ከሚለው እንደ አዲስ ጀምረናል። ሦስተኛዋ ግን ጎበዝ ነበረች።

አሁን ወደ 100 ሰዓቱ። ፖለቲከኞች «እሴታችንን እናስተምራቸዋለን» የሚሉት ይሄንን ነው። መጨረሻው ላይ ፈተና አለ፤ 33 ጥያቄ በ60 ደቂቃ። 15 ያገኘ ያልፋል፣ ለዜግነት ደግሞ 17 ያስፈልጋል። ጥያቄዎቹ የሚወጡት ከ300 የጋራና ከ10 የክፍለ ሀገሩ ጥያቄዎች ነው፣ ሁሉም ከነምርጫቸው ለማንም ክፍት ናቸው። ስልክ ላይ ጭኖ መሸምደድ ነው። ሽምደዳ ላይ ደግሞ እኛን ማን ይችለናል? እኔ የምኖረው ሄሰን የሚባለው ክፍለ ሀገር ነው፤ የሄሰን ዓርማ አንበሳ ነው፣ እሱን እንኳ ሳላጠናም አልስተውም ነበር።

ጥያቄዎቹ መጥፎ አይደሉም። የሚያበሽቀኝ በእነሱ የሰው ልብ ይለካል መባሉ ነው። ወንድና ሴት እኩል ናቸው የሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት ያደረገ ሰው ቤቱ ገብቶ ምን እንደሚያደርግ ወረቀቱ በምን ያውቃል?

ውጪ ያለው ክርክር ደግሞ የቆየ ነው። ፖለቲከኛው ፍሪድሪሽ ሜርስ ስደተኛ የጀርመንን «መሪ ባህል» ይቀበል ብለው አገሩን ያነታረኩት በ2000 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው)። ኩርሱ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ በ2005 ሥራ ላይ በዋለው የኢሚግሬሽን ሕግ ነው። በኦክቶበር 2010 ፕሬዝዳንቱ ክርስቲያን ቩልፍ እስልምናም የጀርመን አካል ነው አሉ፤ በዚያው ወር ቻንስለሯ አንጌላ ሜርክል መልቲኩልቲ፣ የብዙ ባህሎች አብሮ መኖር ማለት ነው፣ ከሽፏል አሉ። በ2018 የአገር ውስጥ ሚኒስትሩ ሆርስት ዜሆፈር ተነስተው እስልምና የጀርመን አይደለም አሉ። ከጎኔ የሚቀመጠው ሶርያዊ ይህን ሁሉ በተርታ ሲሰማ «ታዲያ የዘንድሮው ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚነገረን?» አለ።

የዘንድሮውም መጣ። ኦክቶበር 2025፣ እኛ ስለ ሕገ መንግሥቱ እየተማርን ሳለ፣ አሁን ቻንስለር የሆኑት እነዚሁ ሜርስ ስለ ስደት ሲናገሩ «የከተማ ገጽታ» («ሽታድትቢልድ») ላይ ገና ችግር አለ አሉ። አስተማሪያችን ረጅም ቃል መበተን ትወዳለች፤ ሰሌዳው ላይ ጻፈችና «ሽታድት» ከተማ፣ «ቢልድ» ሥዕል ብላ ለየችው። እርስ በርስ ተያየን። አንዲት ዩክሬናዊት «ሥዕሉ እናንተ ናችሁ ማለት ነው?» አለችን። በክፋት አይደለም፣ ያን ጊዜ ነው የገባት። እሷም እንደኛው ወረቀት የምትጠብቅ ሰው ናት፣ ሥዕሉ ውስጥ ግን የለችም።

ሃይማኖት ላይም እንዲሁ ሆነ። አገሯ መምህርት የነበረች አፍጋናዊት «በሻሼ ማስተማር እችላለሁ?» ብላ ጠየቀች። መልሱ አጭር አልነበረም። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በ2003 ለመከልከል ሕግ ያስፈልጋል ሲል በርካታ ክፍለ ሀገሮች ሕግ አወጡ፤ በ2015 ደግሞ ያው ፍርድ ቤት መምህራንን በጅምላ መከልከል አይቻልም አለ። ከዚያ ወዲህ እንደ ቦታውና እንደ ጉዳዩ ነው። እኔ ይህ ሲወራ ሳላውቀው እጄ አንገቴ ላይ ሄደ። ማተቤን እስካሁን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ለካ በሃይማኖት ከውስጥ፣ በቆዳ ከውጪ ነኝ፤ እንዲህ ለሁለት ተከፍዬ እንደምኖር እስከዚያ ቀን አላሰብኩትም ነበር።

የድሮዋን የጀርመን ቅኝ ግዛት ናሚቢያን በአሥር ደቂቃ ነው ያለፍናት። ከ1904 እስከ 1908 በሄሬሮና በናማ ሕዝቦች ላይ የተፈጸመውን ጀርመን ራሷ በ2021 የዘር ማጥፋት ብላዋለች፤ ከዚያ በላይ ሰዓት ይገባው ነበር።

ግማሿ ኮከብ የመዋኛው ጥያቄ ናት። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ ሁለት ጓደኛሞች የሕዝብ መዋኛ ሄዱ፣ ቆዳቸው ጠቆር ያለ ስለሆነ አትገቡም ተባሉ፣ የተጣሰው የትኛው መብት ነው? መልሱ በእኩል ዓይን የመታየት መብት ነው። ሁላችንም ወዲያው መለስን። አስተማሪዋ ወደሚቀጥለው ልታልፍ ስትል አንድ ኤርትራዊ ልጅ እጁን አወጣ። «መልሱን አውቀዋለሁ። ቅዳሜ ግን ዳንስ ቤት በር ላይ መለሱኝ፣ ጓደኞቼን አስገቡ። እዚያ ለማን ነው የምነግረው?»

መጽሐፉን ዘጋችው። የቀረውን ጠዋት ሙሉ ስናወራ ዋልን፤ እያንዳንዱ ሰው የራሱን አወጣ፣ በተሰባበረ ጀርመንኛ፣ ማንም «አርቲክሉን (የቃሉን ጾታ) ተሳሳትክ» ሳይለው። እሷም በ2006 የወጣውን የእኩል አያያዝ ሕግ አስረዳችን። ሥራ ላይ፣ ቤት ኪራይ ላይ፣ እንደዚያ ዓይነት በር ላይም ይሠራል። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የምስክሮችን ስም ጻፉ አለችን። የካሳ ጥያቄ በሁለት ወር ውስጥ ካልቀረበ ግን ያልፋል።

ሁለት ወር ስትል ሆዴ ባዶ ሆነ። ቤት ስፈልግ አንድ አከራይ «ተይዟል» ብሎኝ ነበር። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጀርመናዊ ጓደኛዬ በራሱ ስም ሲጽፍለት ቤቱን መጥተህ እይ አለው። ሁለቱም መልእክት ስልኬ ላይ አለ። አራት ወር አልፎታል። ይህን በመጀመሪያው ሳምንት፣ በአስተርጓሚም ቢሆን፣ ቢነግሩን ምን ነበረበት? እኛ መብታችንን የምናውቀው ከ600 ሰዓት ሰዋስው በኋላ ነው።

ለምትጀምሩ ሰዎች፦ ከመመዝገባችሁ በፊት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆማችሁ የሚወጡትን ተማሪዎች «አስተማሪ ስንት ጊዜ ተቀየረባችሁ?» በሉ። ቆሻሻ የመለየት ሕጉን ከጎረቤት ተማሩ፣ ከመጽሐፉ ይሻላል። ለዜግነት የምታስቡ ደግሞ ከጁን 27፣ 2024 ጀምሮ ጀርመን የድሮ ፓስፖርትህን መልስ አትልም፤ የእኛ የኢትዮጵያ የ2003 የዜግነት ሕግ ግን ሁለት ዜግነት አይቀበልም፣ የሚቀራችሁ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው ቢጫ ካርድ ነው። ኩርሱ ላይ ይህን የሚነግራችሁ የለም፤ የጀርመን ጉዳይ ስላልሆነም ልፈርድባቸው አልችልም።

ውጤቴ በፖስታ መጣ። ከ33ቱ 31 አገኘሁ። የመዋኛው ጥያቄ አልመጣልኝም።