አሮጌውን ድራም ማልበስ፣ መቀባት ወይስ ዘይት ማጠጣት?

የድራሙን መልክ ለመቀየር የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጨነቀው ስለ ቀለም ነው። ቀይ ያምርበት ይሆን? ጥቁር? የሚያብለጨልጭ? እኔ ግን መጀመሪያ ትንሹን ቶም (ከላይ የሚሰቀለውን ትንሽ ድራም) ፍቱና እንጨቱን እዩት እላለሁ። ቆዳውንና ሪሙን (ቆዳውን የሚይዘውን ቀለበት) አንሱ፣ የላጎቹን (የቆዳ መወጠሪያዎቹ የሚገቡባቸውን ብረቶች) ብሎኖች ከውስጥ በኩል ፍቱ፣ የአሮጌውን ልባስ (እንጨቱ ላይ የተጣበቀውን የፕላስቲክ ሽፋን) መጋጠሚያ በስስ ስፓቱላ ገለጥ አድርጋችሁ ከሥር ያለውን ተመልከቱ። ከምርጫው ግማሹ እዚያው ያልቃል።

የድራም አካል በአብዛኛው ኮምፔንሳቶ ነው፤ ስስ የእንጨት ንጣፎች በኮላ ተደራርበው ክብ የወጡ። ከፋብሪካው ጀምሮ ፕላስቲክ እንዲለብስ የታሰበ ከሆነ የላይኛው ንጣፍ ለዓይን ተብሎ አልተመረጠም፤ ጉጥም፣ በስቱኮ የተደፈነ ስንጥቅም አይጠፋውም። እንዲህ ያለውን እንጨት ገፎ ዘይት መቀባት ጉድን አደባባይ ማውጣት ነው።

ልባስ

ለብዙ ሰው የሚበጀው ይሄ ነው ባይ ነኝ። የእንጨቱን ነውር ይሸፍናል፣ ጭረት ይችላል፣ ቤት ውስጥ ይሠራል፤ እጁ የለመደ ሰው ሙሉ ድራም በቅዳሜና እሁድ ይጨርሳል። ደግሞ አንዳንዱ መልክ በሌላ መንገድ አይገኝም። የቢትልስ ባንድ ድራም መቺ ሪንጎ ስታር እ.ኤ.አ. በ1963 በያዘው የሉድቪግ ድራም ላይ የሚታየው ጥቁርና ግራጫ ሞገድ፣ ኦይስተር ፐርል የሚሉት፣ በብሩሽ የሚመጣ ነገር አይደለም።

ጣጣው ልኬቱ ላይ ነው። የ22 ኢንች ቤዝ ድራም (በእግር የሚመታው ትልቁ) ዙሪያ 175.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ለመደራረቢያ 2.5 ሲጨመርበት 178 ይሆናል። ይህቺን መደራረቢያ የረሳ ሰው የልባሱን ሉህ በሙሉ ያበላሻል። እኔ አንድ የወለል ቶም ላይ ረስቻታለሁ፤ ሳይደራረብ የቀረውን መጋጠሚያ ወደ ግድግዳው አዙሬ ለወራት ተጫውቻለሁ። ስለ ወርዱ ደግሞ፣ ልባሱ ቆዳው ከሚያርፍበት ጠርዝ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር መለስ ብሎ መቆም አለበት።

ውፍረቱም ቀላል አይምሰላችሁ። ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ፕላስቲክ ዙሪያውን ሲሄድ የድራሙን ስፋት በ1 ሚሊ ሜትር ያሳድገዋል። ድሮውኑ በቀለም የተሠራ ድራም ላይ አዲስ ልባስ ከተጫነ ቆዳው አልገባም ሊል ወይም ጠርዙን ነክሶ አልቃኝም ሊል ይችላል። የሉሁን ቁራጭ በድራሙ ላይ አድርጋችሁ ቆዳውን ሞክሩት፤ ዙሪያውን ላላ ብሎ ካልተቀመጠ ማልበሱን ተዉት።

ማጣበቂያው ማስቲሽ ወይም ሁለት ፊቱ የሚይዝ ፕላስተር ነው። ማስቲሽ በሁለቱም ፊት ይቀባል፣ ጣት ላይ የማይለጠፍ እስኪሆን ይጠበቃል፣ ከዚያ አንዴ ከተነካካ መመለሻ የለውም። ጠማማ ከጀመራችሁ ጠማማ ትጨርሳላችሁ። ፕላስተር ለጀማሪ ይራራል፣ በኋላም ለማንሳት ይቀላል፤ ግን መሐሉ ካልተወጠረ ልባሱ ይነዝራል። እኔ ለቶሞቹ ፕላስተር፣ ለቤዝ ድራሙ ማስቲሽ እመርጣለሁ። የላግ ቀዳዳዎቹን ከውስጥ ወደ ውጭ ብሱ፤ መጋጠሚያውን ደግሞ ወደ ተጫዋቹ በሚዞረው በኩል አድርጉት።

አሮጌው ልባስ በሙቅ አየር ለስለስ ሲል ይላቀቃል። ጥንታዊ ድራም ከሆነ ግን ተጠንቀቁ፤ የቀድሞዎቹ ልባሶች ብዙዎቹ ሴሉሎይድ ናቸው፣ እሱ ደግሞ እንደ ክብሪት ነው የሚቀጣጠለው።

ቀለምና ላከር

ከሦስቱ ሲወጣለት የሚያምረው፣ ሳይወጣለት የሚያስቀይመው ይሄ ነው። እንደ መስታወት የሚያበራ ፊት የሚገኘው ከቀለሙ ሳይሆን ከሥሩ ካለው ልፋት ነው፦ በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጀምሮ በ180 እና በ220 አልፎ እስከ 320፣ በየቅቡ መሐል በ400፣ መጨረሻ ላይ በውኃ በ1000 እና ከዚያ በላይ። አንዲት የአቧራ ቅንጣት የአንድ ቀን ሥራ ታስደግማለች። ከላይ ከሚቀቡት ማብረቂያዎች (ላከር) ናይትሮ የሚባለው አዲሱ ቅብ አሮጌውን እያሟሟ ስለሚዋሃድ ጭረቱ በኋላ ይጠገናል፤ ፖሊዩሬታን የሚባለው ይጠነክራል፣ ሲቧጨር ግን ጥገናው ሳይታወቅ መጠገን ያስቸግራል። ጭሱ ለሳንባም ለእሳትም መጥፎ ነው። አየር የሚያስወጣ ቦታ ከሌላችሁ እንጨቱን ራሳችሁ አለስልሳችሁ፣ ጠርዙን በፕላስተር ሸፍናችሁ፣ መርጨቱን ለመኪና ቀለም ቀቢ ብትሰጡት ይሻላል።

ዘይት

እንጨቱ ካማረ ሌላ አትፈልጉ። የተልባ ዘይት ወይም ተንግ ዘይት (ከተንግ ዛፍ ፍሬ የሚወጣ) በጨርቅ ይቀባል፣ ትርፉ ይጠረጋል፣ ይደርቃል፣ ይደገማል። ከተቧጨረ የተቧጨረችውን ቦታ ብቻ ትደግማላችሁ። ጭረት የመቋቋም አቅሙ ግን ከሦስቱ ዝቅተኛው ነው፤ በየሳምንቱ መኪና ላይ ለሚጫን ድራም አልመክረውም።

ልባስ የነበረበት እንጨት ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ያልለቀቀ ማጣበቂያ እንጨቱ ደረቅ ሳለ አይታይም፤ ዘይት ሲነካው ነው ነጣ ነጣ ብሎ እንደ ለምጽ የሚወጣው። አስቀድማችሁ በእርጥብ ጨርቅ አንዴ አብሱት፣ ውኃ ያልጠጣውን ቦታ እንደገና ሞርዱት። የዘይት ጨርቁንም ጠቅልላችሁ አትጣሉ፤ በራሱ ግሎ ይነዳል። ዘርግታችሁ አድርቁት።

ድምፁስ? በደንብ የተጣበቀ ልባስና ቀለም መሐል ያለውን ልዩነት በጆሮ የሚለይ ሰው አልገጠመኝም። ቆዳውና ጠርዙ ከዚህ ሁሉ ይበልጣሉ።

ድራሙ ጥንታዊና ያልተነካ ከሆነ ደግሞ፣ ቢደበዝዝም እንኳ ሰብሳቢዎች የሚከፍሉት ለመጀመሪያ መልኩ ነው፤ አጽድታችሁ ተዉት።

ልባስ የወሰናችሁ፣ ለቤዝ ድራሙ የእንጨት ቀለበቶች የሚሆነውን ቀጭን ጥብጣብ ከዚያው ሉህ ላይ አብራችሁ አስቆርጡ። በኋላ ለብቻው ቢገዛ ቀለሙ አይገጥምም።