ጠይቃና አድምጣ ለምታክም የኮምቦልቻ ጤና መኮንን ምስጋናና ጥቆማ

በደሴ፣ በኮምቦልቻና በዙሪያው ለምትኖሩ ወገኖቼ፤

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በኮምቦልቻ ከተማ በአንድ መካከለኛ ክሊኒክ ውስጥ የምትሠራ ጤና መኮንን ለእናቴ ላደረገችላት ሕክምና በአደባባይ ለማመስገንና፣ እንደ እናቴ ከአንዱ ሕክምና ቦታ ወደ ሌላው ሲመላለስ የቆየ ሕመምተኛ ያለበት ቤተሰብ እንዲያውቃት ለመጠቆም ነው። ስሟ በማኅበራዊ ሚዲያ እንዲነሣ እንደማትፈልግ ስለነገረችኝ፣ ፈቃዷን አክብሬ የእሷንም ሆነ የክሊኒኩን ስም አልጠቅስም። ቦታውን ማወቅ የሚፈልግ ሰው በውስጥ መስመር ቢጽፍልኝ በደስታ እነግረዋለሁ። እንዳመሰግናት ያደረገኝ አዲስ መሣሪያ ወይም ውድ መድኃኒት ሳይሆን የሕመምን ታሪክ አጠያየቋ፣ ባለሙያዎቹ «ሂስትሪ መውሰድ» የሚሉት ሥራዋ ነው።

እናቴ ዕድሜዋ ከስድሳ አልፏል፤ የምትኖረው ኮምቦልቻ ሲሆን የደም ግፊት አለባት። የያዛት ደረቅ ሳል ወራት አስቆጥሮ፣ ቀን ጉሮሮዋን ሲከረክራት፣ ሌሊት እንቅልፍ ሲነሣት ቆየ። ቀደም ሲል የሄደችባቸው የሕክምና ቦታዎች ምንም አላደረጉላትም ለማለት አልችልም። በሀገራችን አሠራር ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሳለ ሰው የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ሊደረግለት ስለሚገባ አክታዋ ተመርምሯል፣ የደረት ራጅም ተነሥታለች፤ ሁሉም ነጻ ነው። ሆኖም ከዚያ በኋላ የተደረገላት ነገር አንዱን አንቲባዮቲክ በሌላው መተካትና ሽሮፕ መጨመር ብቻ ነበር። በየቦታው «ምንዎን ያምዎታል? ስንት ጊዜ ሆነዎት? የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ትባላለች፤ ለመጨረሻው ጥያቄ ሁልጊዜ «የለም» ብላ ትመልሳለች፤ ጥያቄውም እዚያ ላይ ያበቃል።

ጤና መኮንኗ እናቴን የተቀበለቻት ከመቀመጫዋ ተነሥታ ነው። ከጠረጴዛው ማዶ የነበረውን ወንበር ወደ ራሷ ጎን አምጥታ እናቴን በቅርብ አስቀመጠቻት፣ በሩን ዘጋች፣ ስሟንና ሙያዋን ነገረቻት፤ ከዚያም «እማማ፣ እስኪ ከመጀመሪያው ጀምረው እንደመጣልዎ ያጫውቱኝ» ብላ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። እናቴ ነገር ስትጀምር ዙሪያውን ነው የምትሄደው፤ ስለ ሳሉ ለመናገር የጎረቤት ለቅሶ፣ የክረምቱን ዝናብና የእህቴን መውለድ ማንሣቷ አይቀርም። ጤና መኮንኗ አላቋረጠቻትም። እኔ በእናቴ ፋንታ ልመልስ ስል ግን በትሕትና «ጋሼ፣ ለእርስዎም ጊዜ እሰጥዎታለሁ፤ አሁን ከእሳቸው ልስማ» አለችኝ።

እናቴ ስትጨርስ ጥያቄው ተራ በተራ መጣ። ሳሉ መቼ እንደጀመረ ስትጠየቅ እናቴ «ኧረ ብዙ ቆየኝ፤ ቀኑን የት አውቀዋለሁ» አለች። ጤና መኮንኗ ቀን አልጠየቀችም፤ «ዒድ አልፈጥርን ሲያከብሩ ይስልዎት ነበር?» አለቻት። «የለም፣ ያኔስ ደህና ነበርሁ።» «ዐረፋ ላይስ?» «ዐረፋማ ሳሉ አላስወራ ብሎኝ እንግዶቼን ሳላጫውት ነው የዋልሁት።» በእነዚህ ሁለት በዓላት መካከል ያለው ጊዜ ሁለት ወር ከጥቂት ቀን ስለሆነ፣ በማንም ካርድ ላይ ያልተጻፈው የሳሉ መነሻ በዚያው ቅጽበት ታወቀ። ከዚያ አክታ እንዳለው፣ ደም እንደታየበት፣ ሌሊት ላብ ያጠምቃት እንደሆነ፣ ልብሷ ሰፍቷት እንደሆነ፣ በቤት ውስጥ የሳንባ ነቀርሳ የታመመ ሰው ኖሮ እንደሆነ ጠየቀቻት። በአንድ ትራስ ትተኛ እንደሆነ፣ ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራት እንደሆነ፣ እግሯ ያብጥ እንደሆነ ደግሞ ለልቧ ብላ ጠየቀቻት። ቃር እንዳላትም አልዘለለችም። እነዚህን ሁሉ የጠየቀችው ካርድ ላይ ምልክት ለማድረግ በሚቸኩል ሰው አነጋገር አልነበረም፤ እናቴ ለመለሰችው መልስ ተከታዩን ጥያቄ እየወለደች ነበር የምትሄደው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። «ለሳሉ ቤት ውስጥ ምን ምን ሞከሩ?» ስትላት እናቴ ያለ ምንም ሐፍረት ጤና አዳሙን፣ ዝንጅብል በማሩን፣ ፌጦውን ዘረዘረች። ማንም አልገሠጻትም፤ ስለዚህም ምንም አልደበቀችም። ቀጥላ «የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» በማለት ፋንታ «ጠዋትም ሆነ ማታ፣ ለምንም ነገር ይሁን፣ በየቀኑ የሚውጡት ነገር ይኖራል?» አለቻት። «የግፊቴ ኪኒን አለች፤ እሷ ግን የሳል አይደለችም» አለች እናቴ። «አብሽሩ እማማ፣ እስኪ ይዘዋት ከሆነ ልያት።» እናቴ በመሐረብ የጠቀለለችውን፣ ግማሹ ያለቀ የኪኒን እሽግ ከቦርሳዋ አወጣች። ኤናላፕሪል ነበር። ቀድሞ ትወስደው ከነበረው የግፊት መድኃኒት ወደዚህ የተቀየረላት ከዒድ አልፈጥር በኋላ መሆኑም በሦስት ተጨማሪ ጥያቄዎች ታወቀ።

ኤናላፕሪልና የእሱ ቤተሰብ የሆኑት መድኃኒቶች ደረቅ ሳል እንደሚያመጡ በሕክምናው ዓለም በደንብ የታወቀ ነገር ነው። መድኃኒቱ የደም ሥርን የሚያጠብ ንጥረ ነገር እንዳይመረት አንድ ኤንዛይም ይገታል፤ ያው ኤንዛይም ግን ብራዲካይኒን የሚባለውንም ንጥረ ነገር የሚሰባብር ስለሆነ፣ ብራዲካይኒን በመተንፈሻ አካል ይጠራቀምና የሳል ነርቮችን ይቆሰቁሳል ተብሎ ይታመናል። ሳሉ መድኃኒቱ በተጀመረ በቀናት ወይም በወራት ውስጥ ሊመጣ ይችላል፤ ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ላይ ይበዛል፤ መድኃኒቱ ሲቆም ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይተዋል፣ አልፎ አልፎም እስከ 3 ወር ይቆያል። ጤና መኮንኗ ከንፈሯ ወይም ፊቷ ድንገት አብጦ ያውቅ እንደሆነ እናቴን የጠየቀቻትም ይኸው የመድኃኒት ቤተሰብ እንዲህ ያለ አደገኛ እብጠት በጥቂት ሰዎች ላይ ሊያመጣ ስለሚችል ነው። ከክሊኒኩ ሐኪም ጋር ተማክራ መድኃኒቱን በአምሎዲፒን ቀየረችላት፤ ግፊቷንም በቀጠሮ እየለካች ተከታተለቻት። ወሩ ሳያልቅ ሳሉ ለቀቃት።

ይህን የምታነቡ ኤናላፕሪል የምትወስዱ ሰዎች ግን በእኔ ጽሑፍ ተነሥታችሁ መድኃኒታችሁን በራሳችሁ እንዳታቆሙ አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ልብንና ኩላሊትን የሚጠብቅ ጥሩ መድኃኒት ነው፤ አብዛኛው ሰውም ያለ ችግር ይወስደዋል። የሚያስሳችሁ ካለ ለሚከታተላችሁ ባለሙያ ንገሩ፤ ፊት፣ ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ ደግሞ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ ዋናው ላቦራቶሪው ነው፣ ጥያቄው ለወጉ ነው ይል ይሆናል። እኔ ደሴ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ነገሩ ስለገረመኝ ስለ ጉዳዩ የተጻፈውን ፈልጌ አነበብሁ። በ1975 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ በታተመ ጥናት ከ80 አዲስ ተመላላሽ ታካሚዎች በ66ቱ ላይ፣ ሐኪሙ የመላኪያ ደብዳቤውን አንብቦና የሕመሙን ታሪክ ሰምቶ የደረሰበት ግምት በመጨረሻ ከተረጋገጠው በሽታ ጋር አንድ ነበር፤ አካላዊ ምርመራው ሐሳብ ያስለወጠው በ7፣ የላቦራቶሪ ምርመራው ደግሞ በሌሎች 7 ሰዎች ላይ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ መሣሪያዎች እጅግ ተሻሽለዋል። ሆኖም የትኛው ምርመራ መታዘዝ እንዳለበት የሚወስነው ዛሬም ቢሆን ሕመምተኛው የሚናገረው ነገር ነው፤ የእናቴም ራጅ አንድ ሺህ ጊዜ ቢነሣ የኪኒኗን ስም አይናገርም።

የጊዜ እጥረት የሚለው ምክንያት እውነት አለበት፤ ወረፋው ኮሪደር ሞልቶ ሲውል የሐኪሞቹን ድካም እረዳለሁ። ነገር ግን በ1984 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣ ጥናት ሐኪሞች የሕመምተኛውን የመጀመሪያ ንግግር በአማካይ በ18 ሴኮንድ ውስጥ እንደሚያቋርጡ ሲያሳይ፣ በ2002 እ.ኤ.አ. በስዊዘርላንድ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ሕመምተኞች ሳይቋረጡ እንዲናገሩ ቢተዉ በአማካይ በ92 ሴኮንድ እንደሚጨርሱ አሳይቷል። እናቴም ለቅሶውንና ዝናቡን ጨምራ ያን ያህል አልረዘመባትም። በእኔ ግምት የሚያስፈልገው ትርፍ ጊዜ ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም፤ በአንጻሩ እናቴ ያለ ውጤት የተመላለሰችበት የባጃጅና የመድኃኒት ወጪ ብዙ ነው።

ጤና መኮንኗን ለሌሎች የምጠቁምበት ሌላው ምክንያት ስለ ኑሮና ስለ ሥራ የምትጠይቀው ነው። እናቴን እንጀራ የምትጋግረው በማገዶ ይሁን በኤሌክትሪክ፣ ማድ ቤቱ ጭስ መውጫ ይኖረው እንደሆነ ጠይቃታለች። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ በ1700 እ.ኤ.አ. ሐኪሞች ለሕመምተኛ በሚያቀርቡት ጥያቄ ላይ «ሥራህ ምንድን ነው?» የሚለውን እንዲጨምሩ መክሮ ነበር። ፋብሪካ በበዛባት ኮምቦልቻ ይህ ጥያቄ ሊዘለል አይገባውም። ለምሳሌ ለዓመታት የጥጥ ብናኝ የሚተነፍስ ሠራተኛ ቢሲኖሲስ የሚባል የሳንባ ሕመም ሊይዘው ይችላል፤ ልዩ ምልክቱ ደግሞ ከዕረፍት ቀን በኋላ ወደ ሥራ በተመለሰበት በመጀመሪያው ቀን ደረቱን ጨምድዶ መያዙ ነው። «ሰኞ ሰኞ ይብስብዎታል?» ብሎ የጠየቀ ባለሙያ ያገኘዋል፤ ያልጠየቀ ግን አስም ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ይህን ያስረዳችኝ እሷው ራሷ ናት።

ኮምቦልቻ ከከሚሴ፣ ከባቲና ከአፋር በኩል ጭምር ሰው የሚታከምባት ከተማ ናት። ጤና መኮንኗ አማርኛም ኦሮምኛም ትናገራለች፤ ቋንቋ ካልተግባባች ደግሞ የሕመምተኛውን ልጅ አስተርጓሚ አታደርግም፣ ከሠራተኞቹ ቋንቋውን የሚችል ትልቅ ሰው ትጠራለች። ልጅ ፊት የማይነገር ሕመም ብዙ ነውና ይህን እጅግ አደንቃለሁ። እኔንም ከምርመራው በፊት ለጥቂት ደቂቃ ውጭ እንድጠብቅ አደረገችኝ። እናቴ በዚያ ጊዜ ምን እንደነገረቻት አልጠየቅሁም፤ ስትወጣ ግን «አላህ ኸይር ጀዛሽን ይክፈልሽ ልጄ» እያለች ስትመርቃት ሰምቻለሁ።

ወደ እሷ ለመሄድ የምታስቡ ሰዎች በቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ የአሁኑንም የቆየውንም፣ ከነእሽጉ በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ኪኒኖቹ በወረቀት ፖስታ የተሰጧችሁ ከሆነ ፖስታውን አትጣሉት፤ ስሙና አወሳሰዱ የተጻፈው እዚያ ላይ ነው። የድሮ ካርድ፣ ራጅና የላቦራቶሪ ውጤት ካለ አብሮ ይሂድ፤ የእናቴ ራጅና የአክታ ውጤት በእጃችን ባይኖር እንደገና ማሠራት ሊኖርብን ነበር። አንድ መድኃኒት ሰውነታችሁን አሳክኮት ወይም አሳብጦት የሚያውቅ ከሆነ ሳትጠየቁም ቢሆን ተናገሩ። የረመዳን ጾም፣ የዐቢይ ጾም ወይም ጠበል ላይ ከሆናችሁም አትደብቁ፤ የኪኒኑን ሰዓት ከጾሙ ጋር አስማምታ ታስተካክላለች እንጂ አትቆጣም። ከአቅሟ በላይ የሆነውን ደግሞ ሳታጉላላ ታሪኩን በዝርዝር ጽፋ ወደ ሆስፒታል ትልካለች። እኔ ያየሁት አንድ የመላኪያ ወረቀቷ በንጹሕ ጽሕፈት ገጹን የሞላ ነበር።

ክሊኒኩ ትንሽ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው ጊዜ ስለምትሰጥ ወረፋው ይረዝማል። ስለዚህ ጠዋት በጊዜ ድረሱ፤ ከደሴ የምትነሡ የሐረጎ መንገድ በጉም ሊያዘገያችሁ እንደሚችል አስቡ። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛም አረጋውያንን በአክብሮት ታስቀምጣለችና ለእሷም ምስጋናዬ ይድረሳት። አድራሻውን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፤ ሕመምተኛው ማን እንደሆነ ወይም ምን እንዳመመው ግን ለእኔ መንገር አያስፈልጋችሁም።