ባለ 80 ሊትር የኤሌክትሪክ ቦይለር፦ ዕቃው ጥሩ ነው፣ ገጠማውን ግን ቆማችሁ አሠሩ

አዲስ አበባ ውስጥ አራት ሰው ለሚኖርበት ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ባለ 80 ሊትር፣ 1500 ዋት ቦይለር ከበቂ በላይ ነው። ጋን የሌለው፣ ውሃውን እያሳለፈ የሚያሞቀው ባለ 5500 ዋት ቦታ ባይፈጅም 25 አምፔር ይስባል፤ የድሮ ቤት ሽቦ አይችለውም። በብርድ ጠዋት የሚሰጠውም በደቂቃ 4 ሊትር ያህል ብቻ ነው። ባለ ጋኑ 7 አምፔር ገደማ ስለሚበቃው 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ ለብቻው 16 አምፔር ብሬከርና የሚሠራ ግራውንድ ካለው አያስቸግርም።

18 ዲግሪ የነበረው ውሃ 60 እስኪደርስ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይወስዳል፣ መብራቱ ሙሉ 220 ቮልት ከሆነ። ቮልቴጁ 180 ላይ ሲወርድ ኃይሉ ወደ 1000 ዋት ስለሚያንስ 4 ሰዓት ያስጠብቃል። ሬዚስታንሱ (ውሃውን የሚያሞቀው ብረት) ተቃጥሏል ብላችሁ ከማስቀየራችሁ በፊት ቮልቴጁን አስለኩ።

ውሃ ሲሞላ ክብደቱ 100 ኪሎ ገደማ ነው። ግድግዳው ባዶ ብሎኬት ከሆነ ፊሸር (ብሎን የሚይዘው የፕላስቲክ መሰኪያ) አይታመንም፤ ቡሎኑ ግድግዳውን በስቶ በጀርባ በኩል በላሜራና በዳዶ ይታሰር።

ዋናው ነገር ግን ካርቶኑ ውስጥ በትንሽ ፌስታል የሚመጣው ሴፍቲ ቫልቭ ነው። የሚገባው በሰማያዊው፣ በቀዝቃዛው መግቢያ ላይ ነው፤ ቀስቱ ወደ ጋኑ ያመልክት፣ በእሱና በጋኑ መካከል ምንም መዝጊያ አይግባ። 80 ሊትር ውሃ ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ ከአንድ ሊትር በላይ ይጨምራል። ቫልቩ ውሃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ ስለሚዘጋ ትርፉ በጎኑ ባለችው ቀዳዳ ይንጠባጠባል። ሲሞቅ ብቻ ከሆነ ጤናማ ነው። ቀዳዳዋን በቡሽ መድፈን ግን ጋኑን ቦምብ ማድረግ ነው! ቀጭን ጎማ አስገብቶ ቁልቁል ወደ ፍሳሹ መምራት ይሻላል፣ ጫፉ ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ። ውሃው ቀዝቃዛ ሆኖም ካላቋረጠ ወይ የፓምፑ ግፊት በዝቷል፣ ወይ ውስጡ አሸዋ ይዟል። አሸዋ ከሆነ ማንሻዋን ጥቂት ጊዜ ከፍ ዝቅ አድርጎ ማጠብ ይበቃል።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይኸው ቫልቭ ካረጀ የጋኑ ውሃ በመግቢያው በኩል ወደ ታች ቤት ቧንቧ ይመለሳል፤ ሬዚስታንሱ ከውሃ በላይ ይቀርና በደቂቃዎች ይቃጠላል። በመጀመሪያው ቀንም ሆነ ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ የሙቁ ቧንቧ ይከፈት፣ አየሩ ወጥቶ ውሃው ሳይቆራረጥ ሲወርድ ብቻ ብሬከሩ ይነሳ። ደግሞ ጋኑ ሙሉ ስለሆነ ውሃ ሲጠፋ እንታጠባለን የሚል ተስፋ አይሠራም፤ ሙቁን ገፍቶ የሚያወጣው የሚገባው ቀዝቃዛ ውሃ ነው።

ለሙቁ መስመር ፒፒአር (በሙቀት የሚበየደው የፕላስቲክ ቱቦ) የግፊት ደረጃው ፒኤን 20 ይሁን። ባለ 20 ሚሊ ሜትሩ በ260 ዲግሪ ማሽን የሚሞቀው 5 ሰከንድ ነው። ቸኩሎ በኃይል የሚገፋ ወይም አብዝቶ የሚያቆይ ሠራተኛ የቱቦውን አፍ ከውስጥ ያጠብበዋል፤ ከውጭ ስፌቱ ያማረ ይመስላል፣ ሻወሩ ግን ክር ያህል ይወርዳል። ከጋኑ መውጫ ጋር በቀጥታ ፕላስቲክ አይገናኝ፣ መሃል ላይ የብረት ፍሌክሲብል ይግባ።

ሌላው በብዛት የሚያጋጥመው፣ ቀዝቃዛው ከመንገድ መስመር ሙቁ ደግሞ ከሮቶ ሲመጣ ነው። ሁለቱን በሚቀላቅለው ሚክሰር ላይ ግፊቱ ጠንካራው ደካማውን ይመልሰዋል፤ ሁለቱም ከአንድ ምንጭ ይምጡ። ከሻወሩ 3 ሜትር ከፍ ያለ ሮቶ የሚሰጠው ግፊት 0.3 ባር ብቻ ስለሆነ ትንሽ ፓምፕ ያስፈልጋል።

በጋኑ ፈንታ የሚበላውን ማግኒዥየም ዘንግ በዓመት አንዴ አውጥቶ ማየት ነው፤ ከግማሽ በታች ከሳሳ ከጋስኬቱ ጋር ይቀየር፣ አለዚያ ዝገቱ ወደ ጋኑ ይዞራል። ስለዚህ ስትገዙ ከዋጋው በፊት የዘንጉና የጋስኬቱ መለዋወጫ መደርደሪያው ላይ መኖሩን ጠይቁ፤ ከሌለ በቅናሽም ቢሆን አልመክርም።