«ጌም ይከፍታል?»፦ የቢሮ ዴስክቶፕ ወይስ ዕቃ በዕቃ መገጣጠም

«ይሄ ጌም ይከፍታል?» የሚል መልእክት ከነፎቶው ይደርሰኛል። ፎቶው ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። ከቴሌግራም የተወሰደ፣ በቀይና በሰማያዊ መብራት የሚብረቀረቅ ባለ መስታወት ኬዝ፤ ከሥሩ «ጌሚንግ ፒሲ፣ ኮር አይ 7፣ 16 ራም፣ 4 ጂቢ ግራፊክስ» ይላል። አይ 7ቱ ስንተኛ ጄኔሬሽን (ትውልድ) እንደሆነ አይጻፍም። ግራፊክስ ካርዱ፣ ማለትም የጌሙን ምስል የሚሠራው ክፍል፣ ስም የለውም። ዋጋ ሲጠየቅ «ኢንቦክስ» ነው።

መልሴን እዚህ ልጻፈውና ከአሁን በኋላ ለጠየቀኝ ሁሉ ይሄንኑ ልላክ። የመጀመሪያ የጌም ኮምፒውተራችሁ ከሆነና ኪሳችሁ ሳሳ ካለ፣ ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ግዙና አንድ ደህና ግራፊክስ ካርድ ሰኩበት። ማዘርቦርዱን (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበትን ሰሌዳ) ከዚህ፣ ፕሮሰሰሩን ከዚያ እያሉ መገጣጠም ደስ የሚል ሥራ ነው። የሚያምረው ግን ገንዘብ ሰፋ ሲል ነው።

ደካማ ዕቃ የገዛ ሰው የጌሙን ጥራት ዝቅ አድርጎ ይጫወታል፣ ሕይወት ይቀጥላል። ሰው የሚቃጠለው ያልሆነውን ነኝ በሚል ዕቃ ነው። ስትገጣጥሙ ማዘርቦርድ፣ ፕሮሰሰር፣ ራም፣ ኤስኤስዲ (ፋይል የሚቀመጥበት ዲስክ)፣ ፓወር ሰፕላይ (ለማሽኑ ኃይል የሚሰጠው ሳጥን)፣ ኬዝና ግራፊክስ ካርድ ለየብቻ ትገዛላችሁ። ከመገናኛ እስከ ቦሌ መድኃኔዓለም ስትዞሩ ለእያንዳንዱ ሌላ ሻጭ ነው የምታገኙት። አንዱ ሲበላሽ ሁሉም በሌላው ያሳብባል። ራም ሻጩ «ቦርዱ ነው» ይላል፣ ቦርድ ሻጩ «መብራት ነው» ይላል። የቢሮ ዴስክቶፕ ግን ዴል፣ ኤችፒ ወይም ሌኖቮ ራሳቸው አስማምተው የሠሩት ነው። አጥብቃችሁ መጠርጠር ያለባችሁ ካርዱንና ዲስኩን ብቻ ይሆናል።

ፓወር ሰፕላዩ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ማንም አይጠይቀኝም። ሰው ስለ ፕሮሰሰር ሁለት ሰዓት ይከራከርና ፓወር ሰፕላዩን «ከኬዙ ጋር በነፃ ሰጡኝ» ይላል። ያ በነፃ የተሰጠው ነገር ላይ «600 ዋት» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። አንሱት። ባዶ ሳጥን ይመስላል፤ ውስጡ ያለው ነገር ከ600 ዋት ጋር ትውውቅ የለውም። የመጀመሪያዎቹን ወራት ይሠራል። ከዚያ ጌሙ ከበድ ያለ ቦታ ላይ ሲደርስ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ጥገና ቤት ካፓሲተር ይቀየርለታል፣ ይከፈላል፣ ተመልሶ ይጠፋል።

አንድ ወዳጄ እንዲህ ባለ ዕቃ ገጣጥሞ ነበር። መብራት ሄዶ ሲመጣ ፓወር ሰፕላዩ ተቃጠለ፣ ማዘርቦርዱንም ይዞት ሄደ። ሻጩ ጋ ሲመለስ «መብራት የበላውን ዋስትና አይሸፍንም» ተባለ። መብራት ሄዶ መምጣት በማይቀርበት ከተማ ያ ዋስትና የሚሸፍነው ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ትክክለኛ ፓወር ሰፕላይ የለም አልልም። ኮርሴር ወይም ሲሶኒክ የሚል፣ «80 ፕላስ» (ኃይል ብዙ እንደማያባክን የሚያሳይ) ምልክት ያለው ኦሪጅናል ይገኛል። ግን ለሱ የምትከፍሉት ከግራፊክስ ካርዱ ላይ ነው የሚቀነሰው። በአንጻሩ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7060 ታወር ውስጥ ያለው 260 ዋት ብቻ ነው። ትንሽ ነው፣ ግን የተጻፈው ቁጥር እውነት ነው።

በነገራችን ላይ፣ ከአሜሪካ የመጣ የቆየ ዴስክቶፕ ከኋላው 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ ካለው ሳትሰኩት በፊት ተመልከቱ። 115 ላይ ሆኖ እኛ አገር 220 ቮልት ላይ ከተሰካ ይጮሃል፣ ይሸታል፣ አለቀ።

የትኛው የቢሮ ዴስክቶፕ?

8ኛ ጄኔሬሽን የኢንቴል ፕሮሰሰር ያለው። ከዚያ በታች አትውረዱ። 6ኛና 7ኛው ረከስ ይላል፣ ይፈትናልም። ነገር ግን ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ከ8ኛ ጀምሮ ነው፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ቫሎራንት የምትጫወቱ ከሆነ በዊንዶውስ 11 ላይ ቲፒኤም 2.0 እና ሴኪዩር ቡት የሚባሉት የማሽኑ የደኅንነት ጥበቃዎች ካልበሩ አልከፍትም ይላል። የ8ኛ ጄኔሬሽን የቢሮ ማሽኖች ላይ ሁለቱም አሉ።

ሞዴሉን ማወቅ ቀላል ነው። ዴል ከሆነ 3060፣ 5060፣ 7060። ኤችፒ ከሆነ 600 ጂ4 ወይም 800 ጂ4። ሌኖቮ ከሆነ ኤም720 ወይም ኤም920። ውስጡ አይ5-8500 ቢሆን ስድስት ኮር አለው፣ ለዚህ ዓይነት ካርድ ይበቃና ይተርፋል። ብር ካነሰ ደግሞ ሻጮች የሚንቁትን አይ3-8100 ጠይቁ። አራት ኮር ነው፣ የ7ኛው አይ5-7500 ያለው ያንኑ አራት ኮር ነው። «አይ3» የሚለው ስም ብቻ ዋጋውን ያወርደዋል። ለእናንተ ይህ ቅናሽ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚሸወድበት። እነዚህ ማሽኖች በሦስት መጠን ይመጣሉ፤ ታወር፣ ስሊምና ሚኒ። ሚኒው ተራ ግራፊክስ ካርድ አያስገባም፣ እርሱት። ስሊሙ ያስገባል፣ ግን ቁመቱ አጭር የሆነውን ዓይነት (ሎው ፕሮፋይል) ካርድ ብቻ። አጭር ካርድ ደግሞ እንደልብ አይገኝም፣ ሲገኝም ከመደበኛው ይወደዳል። ስሊም በመግዛት ያተረፋችሁትን ካርዱ ላይ መልሳችሁ ትከፍላላችሁ። ታወሩን ጠብቁ። ሻጩ «ሁለቱም አንድ ነው» ቢላችሁም ጠብቁ።

ካርዱ፣ ማለትም ዋናው ጣጣ

«ስንት ጂቢ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። ሻጩ የሚፈልገው ጥያቄ እሱ ነው። ጂቲ 730 የሚባለው አሮጌ ካርድ ባለ 4 ጂቢ አለው፣ ጂቲኤክስ 1650ም 4 ጂቢ ነው። በመካከላቸው ያለው ርቀት የሰማይና የምድር ነው። የጎረቤቴ ልጅ «4 ጂቢ» ተብሎ ጂቲ 730 ገዝቶ ጂቲኤ 5ን በግድ ነበር የሚያንቀሳቅሰው። ስሙን ጠይቁ፣ ሙሉ ስሙን።

የምመክረው ጂቲኤክስ 1650 ነው፣ ተጨማሪ የኃይል ገመድ የማይፈልገውን ዓይነት። 75 ዋት ነው የሚበላው፣ ከማዘርቦርዱ ላይ ብቻ ይወስዳል። ስድስት ፒን መሰኪያ ያለው 1650ም ስላለ አገላብጣችሁ እዩ፤ የቢሮው ፓወር ሰፕላይ ለሱ የሚሆን ገመድ ላይኖረው ይችላል። 1650 ከታጣ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ይሁን፣ እሱም 75 ዋት ነው።

1050 ቲአይ ላይ ግን ዓይናችሁን ክፈቱ። ፎርጅዱ የበዛበት ካርድ ነው። ከአሥር ዓመት በላይ የሆነው ጂቲኤስ 450 ወይም ጂቲኤክስ 550 ቲአይ ባዮሱ (ካርዱ ውስጥ ያለው መነሻ ፕሮግራም) ይቀየርና በ1050 ቲአይ ስም ይሸጣል። ዊንዶውስ ራሱ ይታለላል፣ 1050 ቲአይ ብሎ ያሳያችኋል። መለያው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከኋላው ሰማያዊው የቪጂኤ (የድሮ ሞኒተር ገመድ) መሰኪያ ካለ ተዉት፤ ይህ ትውልድ ቪጂኤን ትቷል። ሁለተኛ፣ ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ትንሽ ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱና ክፈቱት። ፎርጅድ ከሆነ ከስሙ ፊት «ፌክ» ብሎ ይጽፍላችኋል። ሻጩ ፍላሽ ማስገባት አይቻልም ካለ መልሱን አግኝታችኋል።

አርኤክስ 580 በጣም ርካሽ ነው ብላችሁ ትልኩልኛላችሁ። አዎ ርካሽ ነው፣ 8 ጂቢም አለው። ነገር ግን 185 ዋት ይበላል፣ ስለዚህ ለቢሮ ማሽን አይሆንም። ከዚያም ላይ ብዙዎቹ ኢቴሪየም የሚባለውን ዲጂታል ገንዘብ ሲቆፍሩ የኖሩ ናቸው። ኢቴሪየም እ.ኤ.አ. መስከረም 2022 በግራፊክስ ካርድ መቆፈርን ሲያስቀር እነዚህ ካርዶች ገበያውን አጥለቀለቁት። አንዳንዱ ደግሞ «2048 ኤስፒ» የሚባለው ነው። በስም 580፣ በሥራ 570። ጂፒዩ-ዚ ላይ ሼደር የሚለው ቦታ 2304 ካላላችሁ እሱ ነው።

አርኤክስ 6400ም ይመጣባችኋል፤ አዲስ ነው፣ ኃይል አይበላም፣ አጭርም አለው። ግን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚነጋገረው በአራት መስመር ብቻ ነው። 8ኛ ጄኔሬሽን ማሽን ላይ መስመሩ የቆየ ዓይነት ስለሆነ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ የከፈላችሁበትን አታገኙም።

ወደ ዋጋው

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። ከዚያ ወዲህ የብር ዋጋ ብጽፍላችሁ በወሩ ውሸታም እሆናለሁ። ስለዚህ እኔ የምጠቀምበትን ዘዴ ውሰዱ፦ ካርዱ አዲስ ሲወጣ የነበረውን የዶላር ዋጋ በዕለቱ የባንክ ምንዛሪ አባዙት። ጂቲኤክስ 1650 እ.ኤ.አ. በ2019 ሲወጣ 149 ዶላር ነበር። 1050 ቲአይ በ2016 139 ዶላር። ዶላሩን በ150 ብር ብናሰላው 1650 ከ22 ሺህ ብር ትንሽ ከፍ ይላል። ያ ጣሪያው ነው። ለስንት ዓመት ያገለገለ ካርድ ጣሪያውን ከነካ ሻጩ እየቀለደ ነው። እኔ ድርድሩን ከግማሹ ነው የምጀምረው። ፊቱን ያጠቁራል፣ ግን አያባርርም።

ያላችሁ 60 ሺህ ብር ነው እንበል። ግማሹን ለታወሩ፣ ሲሶውን ለካርዱ መድቡ። የቀረው ለራም፣ ለኤስኤስዲና ለሚረሱት ነገሮች ነው። የሚረሳው ምንድን ነው? አሮጌው ሞኒተራችሁ ቪጂኤ ብቻ ከሆነ አዲሱ ካርድ አይሰካበትም፣ መቀየሪያ ያስፈልጋል። ትንሽ ዩፒኤስም (መብራት ሲሄድ ማሽኑን የሚይዝ ባትሪ) ከዚሁ ይውጣ፤ ሰበብ አታብዙ፣ መብራቱን ታውቁታላችሁ።

ማሽኑ ብዙ ጊዜ በአንድ 8 ጂቢ ራም ይመጣል። ሌላ 8 ጨምሩና ሁለት አድርጉት። ኤስኤስዲ ላይ «1 ቴራ በዚህ ዋጋ!» የሚለውን ሽሹ፤ ውስጡ ትንሽ ፍላሽ ያለው፣ መጠኑን እየዋሸ የሚያሳይ ብዙ ነው። እውነተኛ 256 ጂቢ ይሻላል።

መገጣጠም የሚያዋጣው ለማን ነው?

ራይዘን 5 5600 ከአርኤክስ 6600 ጋር እውነተኛ የጌም ማሽን ነው፣ አልክድም። ከቢሮው ዴስክቶፕ ጋር አይወዳደርም። ግን ሲወጡ ፕሮሰሰሩ 199፣ ካርዱ 329 ዶላር ነበሩ። በዚያው በ150 ብር ሂሳብ ሁለቱ ብቻ 79 ሺህ ብር ናቸው፤ ገና ማዘርቦርድ፣ ራም፣ ኬዝና ያ የፈረደበት ፓወር ሰፕላይ አልተገዛም። ውጭ አገር አሁን ከዚያ በታች ይሸጣሉ፤ እዚህ እስኪደርሱ ግን ማጓጓዣውና ትርፉ ቅናሹን ይበላዋል። 60 ሺህ ይዞ ወደዚህ መንገድ የገባ ሰው የሚቆጥበው ፓወር ሰፕላዩ ላይ ነው፣ እዚያ ላይ መቆጠብ ደግሞ ምን እንደሚያመጣ ነግሬያችኋለሁ። ሌላም አለ። 5600 የራሱ ግራፊክስ የለውም። ካርዱ የተበላሸ ቀን ስክሪኑ ጨለማ ነው፣ የትምህርት ቤት ሥራም አይሠራበትም። የቢሮው ዴስክቶፕ ካርዱ ቢነቀል እንኳ ይሠራል።

በርግጥ የቢሮው ዴስክቶፕም ጉድ አለው። ማዘርቦርዱና ፓወር ሰፕላዩ የራሱ ዓይነት መሰኪያ ነው ያላቸው፣ አንዱ ቢበላሽ ከዚያው ሞዴል መፈለግ ነው። ነገ ትልቅ ካርድ ላስገባ ብትሉም አይሆንም። ሁለት ሦስት ዓመት ተጫውታችሁበት ለታናሽ ወንድም የሚተላለፍ ማሽን ነው።

አሜሪካ ወይም ዱባይ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ስሌቱ ትንሽ ይቀየራል። ሙሉ ታወር አታሸክሙት፣ ታወሩ እዚህ ሞልቷል። ካርዱን ብቻ ያምጣ። ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይፈጅም፣ ፎርጅድ የመሆን ዕድሉም ያንሳል። ስሙን በመልእክት ጽፋችሁ ላኩለት፣ በስልክ አትንገሩት፤ «1650» ያላችሁት ሰው «1630» ይዞ እንዳይመጣ። 1630 አዲስ ቢሆንም ከ1650 የደከመ ነው።